የብስክሌት አሠልጣኝ ስትመርጡ፦ ከእግራችሁ በፊት ኑሮአችሁን የሚጠይቀውን ፈልጉ



ብስክሌት ወደ አንድ ክርስቲያን ቤት የሚገባበት በር ብዙ ነው። አንዱ ወንድም ሐኪሙ፣ «ስኳርህ ከፍ ብሏል፤ ደም ግፊትህም ደኅና አይደለም፤ ሰውነትህን አንቀሳቅስ» ብሎት ይጀምራል። አንዲት እህት ሩጫ ጉልበቷን ስላሳመማት ወደ ብስክሌት ትዞራለች። አንድ ጎረምሳ ደግሞ በስልኩ ውድድር ሲመለከት አምሽቶ፣ «እኔም ብስክሌተኛ እሆናለሁ» ብሎ ለወላጆቹ ይነግራል።

የጎረምሳው ምኞት ባዶ ሕልም አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። እ.ኤ.አ. በ2016 የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚሁ ውድድር ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ ተካሄደ።

ታዲያ ብስክሌቱ ከመዝናኛ አልፎ የምር ሲሆን አንድ ጥያቄ ይነሣል። አሠልጣኝ ያስፈልገናል ወይ? የሚያስፈልገንስ ከሆነ ማንን እንምረጥ? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ዋጋና የምስክር ወረቀት አይቶ ነው። ሁለቱም መታየት ይገባቸዋል። ነገር ግን ትዳር ላለው ሰው፣ ልጅ ላለው ሰው፣ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ላለው ሰው ከሁለቱም የሚቀድም ነገር አለ። የሚስማማችሁ አሠልጣኝ ከእግራችሁ በፊት ኑሮአችሁን የሚጠይቅ ነው።

ሁለት አሠልጣኞችን እናስብ። የመጀመሪያው ገና እንደተዋወቃችሁ፣ «በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር ትነዳለህ? ብስክሌትህ ምን ዓይነት ነው? ለየትኛው ውድድር ነው የምትዘጋጀው?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ስንት ሰዓት ትተኛለህ? የምትወስደው መድኃኒት አለ? ልጆችህን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ማን ነው? ባለቤትህ ስለዚህ ነገር ምን አለች?» ይላል። የመጀመሪያው መጥፎ ሰው ነው አንልም። የሁለተኛው ፕሮግራም ግን ከሦስት ወር በኋላም በቤታችሁ ውስጥ በሕይወት የመኖር ዕድሉ የሰፋ ነው።

በቅድሚያ፣ አሠልጣኝ ያስፈልጋችኋልን?

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ብስክሌት ነጂ አሠልጣኝ አያስፈልገውም። ፍላጎታችሁ በሳምንት ሦስት ጊዜ እየነዱ ጤናን መጠበቅ ከሆነ የሐኪም ምክር፣ ልክ የሆነ ብስክሌትና ጥሩ ሄልሜት ይበቃችኋል። ገንዘባችሁን ለልጆች ጫማ አውሉት።

አሠልጣኝ የሚጠቅመው በሦስት ሁኔታዎች ነው። አንደኛ፣ ቀን የተቆረጠለት ግብ ሲኖራችሁ ነው፤ ለምሳሌ ረጅም ጉዞ ወይም ውድድር። ሁለተኛ፣ ጊዜያችሁ ጠባብ ሆኖ ያለችውን ስድስት ሰዓት በከንቱ ማባከን ሳትፈልጉ ነው። ሦስተኛ፣ ራሳችሁን መግታት የማትችሉ ስትሆኑ ነው። ይህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አሠልጣኝ የሚቀጠረው ለመገፋት ብቻ ይመስለናል። ብርቱና ታታሪ ለሆነ ሰው ግን አሠልጣኝ የሚያስፈልገው «ዛሬ ይበቃል፤ ቤትህ ግባ» የሚለው እንዲኖር ነው።

ከአሠልጣኙ በፊት እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ

አሠልጣኝ ከመፈለጋችሁ በፊት ባልና ሚስት አንድ ምሽት ቁጭ በሉና ወረቀት አውጡ። በወረቀቱ ላይ አራት ነገሮችን ጻፉ።

የመጀመሪያው ግቡ ነው። «ጠንካራ ለመሆን» ግብ አይደለም። «በመጪው ዓመት መቶ ኪሎ ሜትር ሳልቆም ለመንዳት» ወይም «ሐኪሜ የሰጠኝን የስኳር ልክ ለመጠበቅ» ግን ግብ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። በፕሮግራም ላይ «በሳምንት ስምንት ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ ልምምድ በቤት ውስጥ ስምንት ሰዓት ሆኖ አይቀርም። ልብስ መልበሱ፣ ጎማ መንፋቱ፣ ሲመለሱ መታጠቡ፣ ብስክሌቱን መወልወሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደክሞ ሶፋ ላይ መውደቁ ሲደመር ወደ አሥራ ሁለት ሊጠጋ ይችላል። ይህን ሰዓት የሚከፍለው ደግሞ ብስክሌቱን የሚነዳው ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ከልጆቹ ጋር የቀረው ሰውም ይከፍላል። ስለዚህ የዚያ ሰው ድምፅ በወረቀቱ ላይ መኖር አለበት።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት በወር ከአንድ መቶ ዶላር በላይ የሚጠይቁ አሠልጣኞች ብዙ ናቸው። አገር ቤትም ቢሆን ክፍያው፣ የጎማና የሰንሰለት መለዋወጫው፣ የመንገድ ምግቡ ይደመራል። አሥራትና የቤት ወጪ ከተነሣ በኋላ ከምን እንደሚከፈል አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከትዳር ጓደኛ ተደብቆ የተገዛ ፔዳል ከክብደቱ በላይ ይከብዳል።

አራተኛው ቀን ነው። እሑድ ጠዋት መንገድ ጭር ስለሚል ብዙ ቡድኖች የጋራ ልምምዳቸውን በዚያ ሰዓት ያደርጋሉ። እናንተ ግን በዚያ ሰዓት የት መሆን እንደምትፈልጉ ታውቃላችሁ። የኅብረት፣ የመዘምራን ልምምድና የጸሎት ቀናችሁን በወረቀቱ ላይ በቅድሚያ ጻፉ። አሠልጣኙ ፕሮግራሙን በእነዚህ ዙሪያ ይሥራ እንጂ እናንተ በተረፈው ጊዜ እግዚአብሔርን አታምልኩ።

ይህ የታላላቆቹን ውጤት ለሚመኝ ሰው ድክመት ሊመስለው ይችላል። ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በማርች 2022 በቤልጂየም ጌንት–ዌቭልጌም የተባለውን ታላቅ ውድድር ሲያሸንፍ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነበረ። በሚቀጥለው እሑድ ከዚያ የሚበልጠው የፍላንደርስ ውድድር ነበርና ብዙዎች ይሰለፋል ብለው ጠበቁ። እርሱ ግን አስቀድሞ በተያዘው ዕቅድ መሠረት ወደ አስመራ፣ ወደ ሚስቱና ወደ ትንሿ ልጁ ተመለሰ። በሜይ ወር ደግሞ በጣሊያኑ ጂሮ የዕለት ውድድር አሸነፈ። ቤተሰብን በዕቅድ ውስጥ ማስገባት በዓለም ትልቁ ደረጃ እንኳ የሚቻል ነገር ነው።

ሦስት ዓይነት አገልግሎት

የአሠልጣኝ አገልግሎት በሦስት መንገድ ይገኛል።

አንደኛው ዝግጁ ፕሮግራም ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ አንዳንዱም በነጻ ይገኛል። ለጀማሪ መንገድ ያሳያል። ልጅ ታሞ ሌሊቱን ስታስታምሙ ማደራችሁን ግን አያውቅም። ማክሰኞ ከባድ ልምምድ ካለ ማክሰኞ ከባድ ነው።

ሁለተኛው የርቀት አሠልጣኝ ነው። በስልክና በኢንተርኔት ይሠራል፤ ከሰዓታችሁ ወይም ከብስክሌታችሁ ኮምፒውተር የተመዘገበውን አይቶ የሚቀጥለውን ሳምንት ይጽፋል። አሠልጣኝ በቅርብ ለማያገኝ፣ ለምሳሌ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሠራ ሰው፣ ይህ ጥሩ አማራጭ ነው። እዚህ ላይ አጥብቃችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር፣ «በሳምንት ስንት ጊዜ እንነጋገራለን? መልእክት ስልክ በስንት ቀን ትመልሳለህ?» የሚለውን ነው።

ሦስተኛው በአካል የሚያሠለጥን ወይም የክለብ አሠልጣኝ ነው። በብስክሌት ላይ አቀማመጣችሁን፣ መታጠፊያ ላይ የምታደርጉትን፣ በቡድን ውስጥ አነዳዳችሁን በዓይኑ ያያል። ለወጣቶችና መንገድ ለሚፈሩ ጀማሪዎች ከሌሎቹ ይልቅ ይህ ይጠቅማል።

ሥራውን ማወቁን በምን ታውቃላችሁ?

የምስክር ወረቀት ጠይቁ። በአሜሪካ የብስክሌት ፌዴሬሽኑ ለአሠልጣኞች በየደረጃው ፈቃድ ይሰጣል፤ ፈቃድ ያለው ሰው የቀድሞ ታሪኩ ይመረመራል፤ ጥቃትን ስለ መከላከልም ይማራል። በኢትዮጵያ የምትኖሩ በፌዴሬሽኑና በክለቦች በኩል ስለ ሰውዬው አጣሩ። ጥሩ ተወዳዳሪ የነበረ ሁሉ ጥሩ አሠልጣኝ እንደማይሆን አትርሱ። ጥሩ ዘማሪ ሁሉ የመዝሙር መምህር እንደማይሆን እናውቃለን።

ከወረቀቱ በተጨማሪ አራት ነገሮችን በጨዋታ መካከል ጠይቃችሁ ዕውቀቱን መመዘን ትችላላችሁ።

*ስለ ቀላል ልምምድ ጠይቁት።* በኖርዌይ የሚሠራው አሜሪካዊ ተመራማሪ ስቲቨን ሳይለርና ባልደረቦቹ ታላላቅ የጽናት ስፖርተኞች እንዴት እንደሚሠለጥኑ መርምረው ነበር። ከልምምዳቸው ወደ ሰማንያ በመቶ የሚሆነው በቀላል ፍጥነት የሚደረግ ሆኖ አገኙት። ቀላል ማለት እየነዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ ማውራት የሚቻልበት ፍጥነት ነው። ሁልጊዜ «እስኪያቃጥልህ ግፋ» የሚል አሠልጣኝ ይህን አልተማረም፤ ወይም ረስቶታል።

*ስለ ዕረፍት ጠይቁት።* ብዙ አሠልጣኞች ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ጫናውን እየጨመሩ ከሄዱ በኋላ አንድ ሳምንት ይቀንሳሉ። ሰውነት የሚጠነክረው በልምምዱ ሰዓት ሳይሆን ከልምምዱ በኋላ ሲያርፍ፣ ሲበላና ሲተኛ ነው። ለእኛ ይህ አዲስ ትምህርት ሊሆንብን አይገባም። የፈጠረን አምላክ ከሥራ ቀኖች ጋር የዕረፍት ቀንንም ሠርቷል።

*ስለ ልብ ምትና ስለ መድኃኒት ጠይቁት።* ዕድሜን ከ220 ቀንሶ ከፍተኛውን የልብ ምት የሚያወጣው ስሌት የአማካይ ግምት ነው። በአንድ ዕድሜ ያሉ ሁለት ሰዎች በአሥር ምትና ከዚያም በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ከዚህም በላይ ለደም ግፊት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ እንደ አቴኖሎል ያሉት፣ የልብ ምትን ዝቅ አድርገው ይይዛሉ። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሰዓቱ ላይ ያለውን ቁጥር ለማድረስ ቢታገል ራሱን ይጎዳል። እንዲሁም ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ በረጅም ጉዞ ላይ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል ጣፋጭ ነገር በኪሱ መያዝ አለበት። ስለ መድኃኒት የማይጠይቅ አሠልጣኝ ለእናንተ አይሆንም። ከዚያ በፊት ግን ዕድሜያችሁ ከአርባ ያለፈ፣ ወይም ሕመም ያለባችሁ፣ ሐኪም ዘንድ ቅረቡ። አሠልጣኝ ሐኪም አይደለም፤ ጥሩው አሠልጣኝም ይህን ራሱ ይነግራችኋል።

*ስለ ከፍታ ጠይቁት።* አንዳንዶች ፓወር ሜትር በሚባለው መሣሪያ ጉልበታቸውን በዋት ይለካሉ። ብዙ ጊዜ የሚደረገው በሃያ ደቂቃ ፈተና የተገኘውን አማካይ በ0.95 አባዝቶ ሰውየው ለአንድ ሰዓት ያህል ሊይዘው የሚችለውን ጉልበት መገመት ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኦክስጅን በሳሳበት አየር ላይ ሰው ያንኑ ዋት መያዝ አይችልም። በዋሽንግተን የተለካው ቁጥር ለዕረፍት ወደ እንጦጦ ዳገት ሲመጣ መቀነስ አለበት። ይህን የማያውቅ የርቀት አሠልጣኝ ሰነፍ የሆናችሁ መስሎት ይገፋችኋል።

በአካል የሚያገኛችሁ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ የኮርቻችሁን ከፍታ ማየቱን ልብ በሉ። ፔዳሉ ወደ ታች ሲደርስ ጉልበት በትንሹ መታጠፍ አለበት፤ የተለመደው ልክ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ኮርቻው ዝቅ ሲል የጉልበቱ ፊት፣ ከፍ ሲል የጉልበቱ ኋላና ወገብ ይታመማል።

ስለ ጾም ግልጽ ሁኑ

ይህን ለብቻው ያነሣነው አሠልጣኞች የማይጠይቁት፣ እኛም የማንናገረው ጉዳይ ስለሆነ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ስታውጅ አንዳንዶቻችን ውኃ እንኳ ሳንቀምስ እንውላለን። በዚያ ሆድ ከባድ ልምምድ ማድረግ ራስን ማዞር፣ መውደቅና በመኪና መንገድ ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ጾምም ልምምድም ለአንድ ቀን መታቀድ የለባቸውም።

የጾም ቀኖቻችሁን ለአሠልጣኙ አስቀድማችሁ ስጡት። የዕረፍት ቀን ወይም ቀላል ሳምንት ያድርገው። በሌላው ጊዜ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ በሚወስድ ጉዞ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ማግኘት ይመከራል። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 25 ግራም ይሰጣል። ቴምርም፣ ማር የተቀባ ዳቦም፣ በማር የተበጠበጠ በሶም ይሠራል። ውድ የፈረንጅ ዱቄት ካልገዛችሁ አይሆንም የሚላችሁን ሰው፣ ዱቄቱን ራሱ ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁት።

ጾማችሁን ሲሰማ የሚያፌዝ አሠልጣኝስ? አማኝ መሆን አይጠበቅበትም። ከእምነታችን ውጭ ያሉ ጨዋና አዋቂ አሠልጣኞች ብዙ ናቸው። እምነታችሁን ማክበር ግን ይጠበቅበታል።

ሚስት ስትሠለጥን

በብዙ ቤት ባል ሲሠለጥን ሚስት ቤቱን ትይዛለች። ሚስት ስትሠለጥን ግን ቤቱን የሚይዝ ስለሌለ ልምምዱ ይቀራል። ውድ ወንድሞች፣ ለሚስታችሁ አሠልጣኝ ከመክፈላችሁ በፊት ማክሰኞና ሐሙስ ማለዳ የልጆቹን ቁርስ እንደምትሠሩ ቃል ግቡላት። ያለዚህ ክፍያው ከንቱ ነው።

ለእህቶች የሚሆን አሠልጣኝ ስለ ወር አበባ ያለ ኀፍረትና ያለ ቀልድ መነጋገር የሚችል መሆን አለበት። ብዙ እየሠለጠነች ጥቂት የምትበላ ሴት የወር አበባዋ ሊዛባ ወይም ሊቆም ይችላል። ይህ የመጠንከር ምልክት አይደለም። ሰውነት ምግብ አጠረኝ ብሎ የሚጮህበት ድምፅ ነው፤ ሲቆይም አጥንትን ያሳሳል። «ይህ ለስፖርተኛ የተለመደ ነው» ብሎ የሚያልፍ አሠልጣኝ አደገኛ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች እህትም የሐኪሟ ፈቃድ ሳይኖር ፕሮግራም ከሚሰጣት ሰው ትራቅ።

አንድ ሌላ ነገር በግልጽ እንናገር። አሠልጣኝ ስለ እንቅልፋችሁ፣ ስለ ድካማችሁ፣ ስለ ስሜታችሁ በየቀኑ የሚጠይቅ ሰው ነው። በቤታችሁ ማንም የማይጠይቃችሁ ከሆነ የዚያ ሰው ጥያቄ ከሚገባው በላይ ሊጣፍጥ ይችላል። ይህ ለባልም ለሚስትም ይሠራል። ስለዚህ ከአሠልጣኙ ጋር የምትለዋወጡት መልእክት የትዳር ጓደኛችሁ ሊያነበው የሚችል ይሁን። የመጀመሪያውን ንግግር ሁለታችሁም ባላችሁበት አድርጉት። ከሁሉም በላይ ደግሞ አሠልጣኙ የሚጠይቀውን ጥያቄ ማታ ማታ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። «ዛሬ እንዴት ዋልሽ? ምን ደከመህ?»

የሚሠለጥነው ልጃችሁ ከሆነ

ለልጅ የሚመረጥ አሠልጣኝ ከሁሉ የጠበቀ ምርመራ ይፈልጋል። ልምምዱን መጥታችሁ እንድታዩ በደስታ የሚፈቅድ ይሁን። ከልጅ ጋር በር ዘግቶ የማይቀመጥ፣ ለብቻ በሌሊት መልእክት የማይጽፍ፣ ለጉዞ ሲወስድ ሌላ ትልቅ ሰው የሚያስከትል ይሁን። «ይህን ለወላጆችህ አትንገር» የሚል ቃል ከአንደበቱ አንድ ቀን ከወጣ፣ ያ የመጨረሻው ቀን ይሁን።

ስለ ትምህርት የሚለውንም ስሙ። ከብዙ ወጣቶች መካከል በብስክሌት እንጀራ የሚበሉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ፈተና ሲደርስ ልምምድ የሚቀንስ አሠልጣኝ ልጃችሁን እንደ ሰው ያያል። ልጁን በሌሎች ፊት ሚዛን ላይ እያቆመ «ወፍረሃል» የሚል ግን ከስፖርቱ ቀርቶ ከምግብ ገበታ ጋር ያጣላዋል።

ከእነዚህ ራቁ

በአጭር ጊዜ ተአምር ከሚገባ ሰው ራቁ። የስድስት ሳምንት ሥራ የስድስት ሳምንት ፍሬ ብቻ ነው የሚያፈራው።

ምንነቱን ሳይነግራችሁ ክኒን ወይም መርፌ ከሚያቀርብ ሰው ሽሹ። ላንስ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 ያገኛቸው ሰባት የቱር ደ ፍራንስ ድሎች እ.ኤ.አ. በ2012 ተሰርዘዋል። አብሮት ይሠራ የነበረው ጣሊያናዊ ሐኪምም በዚያው ዓመት ዕድሜ ልክ ከስፖርት ታግዷል። በሚቀጥለው ዓመት አርምስትሮንግ ራሱ ጥፋቱን በቴሌቪዥን አመነ። በብርሃን ሊነገር የማይችል ምክር ለክርስቲያን ምክር አይደለም።

ሕመም ሲሰማችሁ «ስንፍና ነው» ከሚል ራቁ። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳትና ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር የሐኪም ጉዳይ እንጂ የወኔ ጉዳይ አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን የምትጠይቋቸው

ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ እነዚህን ጠይቁ።

1. እንደ እኛ ሥራና ልጆች ያላቸውን ሰዎች አሠልጥነህ ታውቃለህ? ከእነርሱ ጋር መነጋገር እንችላለን?
2. ልጅ ቢታመምብንና አንድ ሳምንት ልምምድ ቢቀር ምን ታደርጋለህ?
3. እሑድ ጠዋትና የጾም ቀኖች ነጻ እንዲሆኑ እንፈልጋለን። ያለ እነርሱ ግቡ ላይ መድረስ ይቻላል? ካልተቻለ ግቡን በምን ያህል እንቀንስ?
4. ክፍያው ምን ምን ይጨምራል? ማቋረጥ ብንፈልግ ከስንት ቀን በፊት እንንገርህ?
5. ልምምድ ማቆም የሚገባን መቼ ነው?

የአምስተኛውን መልስ በጥንቃቄ አዳምጡ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለው። «ማቆም የሚባል ነገር የለም» የሚል ከሆነ አመስግናችሁ ተሰናበቱት።

ከተስማማችሁም ለሦስት ወር ያህል ሞክሩት እንጂ ለዓመት አትፈራረሙ። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ሰዓቱን ወይም ሚዛኑን ብቻ አትዩ። የትዳር ጓደኛችሁን፣ «በቤት ውስጥ ከበፊቱ የተሻልኩ ሰው ሆኛለሁ ወይስ የባስኩ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «የባስክ» ከሆነ ፕሮግራሙ ይለወጥ፤ አሠልጣኙ አልለውጥም ካለም አሠልጣኙ ይለወጥ። ስትለያዩ ያለባችሁን ክፍያ ጨርሱ፤ ምክንያቱን በእውነት ተናገሩ፤ ስሙንም በየሻይ ቤቱ አታንሡ።

የዮቶር ምክር

በዘጸአት ምዕራፍ 18 የሙሴ አማት ዮቶር ሙሴን ሊጠይቅ ወደ ምድረ በዳ የመጣበትን ታሪክ እናነባለን። ዮቶር ሲመጣ ብቻውን አልመጣም። የሙሴን ሚስት ሲፓራንና ሁለቱን ልጆቹን ይዞ ነበር የመጣው። ከዚያም ምክር ከመስጠቱ በፊት ሙሴ አንድ ሙሉ ቀን እንዴት እንደሚውል ተመለከተ። ከጠዋት እስከ ማታ ለሕዝቡ ሲፈርድ አየው። ይህ አካሄድ እርሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም በግልጽ ነገረው፤ ሸክሙ የሚከፋፈልበትን መንገድም አሳየው። ሲጨርስ ወደ አገሩ ሄደ።

ከዚህ የተሻለ የአሠልጣኝ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ቤተሰቡን ይዞ መጣ። ኑሮውን አየ። እውነቱን ነገረው። ሊሠራ የሚችል ዕቅድ ሰጠው። ራሱንም የማይተካ ሰው አላደረገም።

ሐዋርያው ጳውሎስ የሯጮችን ትጋት ለክርስትና ሕይወት ምሳሌ አድርጎ ተጠቅሞበታል። ለጢሞቴዎስ ሲጽፍም ለሥጋ ልምምድ ልኩን ሰጠው እንጂ አልናቀውም። እኛም ልኩን እንስጠው። ብስክሌት ደስ ይላል፤ ጤና ይሰጣል፤ ሲያድልም ሜዳሊያ ያስገኛል። ነገር ግን ቤት ከሚያፈርስ ሜዳሊያ ቤት የሚጠብቅ ጤና ይበልጣል።

ለባልና ሚስት መወያያ

— በዚህ ሳምንት ለልምምድ የዋለው ሰዓት ከማን ላይ ተወሰደ? ያ ሰው ተጠይቆ ነበር?
— እንድናርፍ የሚነግረን ሰው በሕይወታችን አለ? ስንሰማውስ እንታዘዘዋለን?
— አሠልጣኛችን ስለ ቤታችን የማያውቀውና ሊያውቀው የሚገባ ነገር ምንድን ነው?

ጌታ ጉልበታችሁንም ቤታችሁንም ይባርክ።